ይተነፍሳል የተባለው ሞተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«ይተነፍሳል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

መካኒኬ ግርማ ሞተሩን አስነሥቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አደረገና እዚያው ቦታው ላይ ተወው። ክዳኑ እንደሚፈላ ድስት መክደኛ ተንጣጣ። በዙሪያው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ግርማ እጁን ጭሱ ላይ ዘርግቶ ትንሽ ቆየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሪንግ በልቷል፣ ኢንጂነር። ይተነፍሳል።» ምርመራው ይኸው ነው። መለኪያ የለ፣ ቁጥር የለ። በአንድ እጅና በአንድ ቃል የሞት ፍርድ።

ወሰን ሰፈር ባሉት ጋራዦች ሁሉ የሚባለው ይኸው ነው። ሞተር ይተነፍሳል ከተባለ አለቀለት፣ ይውረድ ማለት ነው። ሰው ሲተነፍስ ተመስገን፣ በሕይወት አለ ይባላል፤ ሞተር ሲተነፍስ ይቀበር ይባላል። ይህን ቃል መጀመሪያ ለሞተር የሰጠውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

የተናደድኩት በግርማ ብቻ አይደለም። የትናንቱን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

እኅቴን እትዬ ጥሩወርቅን የካ ሚካኤል ካለው ቤታችን እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወዳለው ቤቷ እያደረስኳት ነበር። በአባባ መኪና። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን እንደያዝን መጀመሪያ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። ቀጥሎ ኋላችን ያለው መንገድ በጭስ ጠፋ። ቀጥሎ ከሞተሩ የሚንጠባጠበው ዘይት የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ እያረፈ ጭሱ በእግራችን በኩል ወደ ውስጥ ገባ። እትዬ በነጭ ልብሷ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቁጭ። መጨረሻ ላይ መኪናዋ ቆመች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረምሶች ገፉን። ጎረቤቶቿ ሁሉ በር በራቸው ላይ ወጥተው አዩን።

ከመኪናዋ ወርዳ ነጠላዋን አራገፈችና «በቃ፣ ሰለሞን» አለች። «ይኼ ሞተር ይውጣና የጃፓን ይግባላት። ሕይወት ለሠርጓ የምትሄደው በዚች መኪና ነው፣ አባባ ቃል ገብቶላታል። ተገፍታ ግን አትሄድም።» ሕይወት ልጇ ናት። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። መኪናዋን አባባ ለሁለታችን ስለተዋት ግማሿ የእትዬ ነው፤ እኔ ብቻዬን እምቢ ማለት አልችልም።

የጃፓን ሞተር። አባባ ከአስመራ ድረስ ራሱ እየነዳ ያመጣት ጣሊያን መኪና ውስጥ። ባለ ሁለት ካምሻፍት፣ ባለ ሁለት ካርቡራቶር ሞተር አውጥቶ የታክሲ ሞተር መክተት። ይህ ጥገና አይደለም።

ለመንኳት ማለት ይከብደኛል፤ ተከራከርኩ። የሚመጣው እሁድ የጾመ ነቢያት ቅበላ ነው፣ ቤተሰቡ የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። እስከዚያ ጊዜ ሰጠችኝ። መኪናዋ ሳታጨስና ሳትገፋ ደጃፏ ከደረሰች ሞተሩ ይቆያል። ካልሆነ በማግስቱ ግርማ ያወርደዋል።

ከጋራዥ ተመልሼ ግቢ ሳስገባት ጎረቤታችን ጋሽ ለማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ሰለሞን፣ ኅዳር ሲታጠን እኮ ዐርብ ነው። አንተ ከዛሬ ጀመርከው?» አሉኝ። በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የራሴ መለኪያ አለኝ፤ ሰው ተውሶት የመለሰውን መለኪያ አላምንም።

አራቱንም ካንዴላ አውጥቼ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት በተራ ለካሁ። ቁልፉን እንድታዞርልኝ ባለቤቴን አስቴርን ጠራኋት። «ይበቃል?» «አይበቃም።» «አሁንስ?» «ስልሽ ነው የሚበቃው።» «እንደዚህ የምታናግረኝ ከሆነ ግርማን ጥራው» ብላ ቁልፉን ለቀቀች። ይቅርታ ጠይቄ ቀጠልን።

ውጤት። አራቱም ተቀራራቢ፣ አራቱም ጥሩ። በየካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌ ደገምኩ። ለውጥ የለም። የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ግርማ ሪንግ የሚላቸው፣ ተበልተው ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ይሞላና ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። ከፍ አላለም። ስለዚህ ሪንግ አልበላም። ይህን ሁለት ጊዜ ብጽፈው ደስ ይለኛል። ሪንግ አልበላም።

ታዲያ ክዳኑን የሚያስጨፍረው ምንድን ነው?

ከመጀመሪያው ላስብ። ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋዋል። ቀለበቶቹ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆኑ ከዚያ ጋዝ ጥቂቱ በጎናቸው ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱና ክራንክሻፍቱ ወዳሉበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። በማንኛውም ሞተር፤ ዛሬ ከፋብሪካ በወጣውም። እንደ አባባ መኪና በከፍተኛ ዙር እንዲሮጥ የተሠራ ሞተር ላይ ይበዛል። ዳገት ላይ፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ ሲረገጥ፣ የባሰ ይበዛል። የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፣ ስለዚህ መውጫ ሰጥተውታል። ከሞተሩ የላይኛ ሽፋን ተነሥቶ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። ጋዙ በዚያ ይወጣል፣ ሞተሩ ከሚስበው አየር ጋር መልሶ ይወስደዋል፣ ይቃጠላል፣ አለቀ።

ሞተር መተንፈስ አለበት። መተንፈሱ በሽታ አይደለም።

ክዳኑን ገልብጬ ሥሩን አየሁት። የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ዘይትና ውሃ ነው። ከጋዙ ጋር የሚመጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ እዚያው ይቀዘቅዝና ከዘይቱ ጋር ይመታል። ያረጀ ሞተር ምልክት ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። ይህ የታፈነ ሞተር ምልክት ነው።

ይህን የማውቀው ከሥራዬ ነው። የውሃ መስመር መሐንዲስ ነኝ። ዳገት የሚወጣ ቧንቧ ጫፉ ላይ አየር ማስወጫ ካልተገጠመለት አየሩ ይታመቃል፣ ደካማ መገጣጠሚያ ይፈልጋል፣ በዚያ ይወጣል። ከዚያ ስብሰባ ይጠራና ቧንቧው አርጅቷል ይባላል። ቧንቧው አላረጀም። ማስወጫው የት አለ? ዛሬም በስብሰባ ላይ ይህንኑ ጮኼ ተናገርኩ፤ አለቃዬ «ሰለሞን፣ ስለ ቧንቧው ነው ወይስ ስለ መኪናህ?» አለኝ። የሁለቱም ነገር አንድ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያሳይ ነገር ሠራሁ። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ታጥፎ ጣውላ ላይ የታሰረ፣ ውሃ እስከ ግማሹ። ውሃው ደህና አድርጎ እንዲታየኝ ከወጥ ቤት እርድ ወስጄ በጠበጥኩበት። ጥሩ ቢጫ ሆነ። አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ አጥብቄ ገጠምኩት። ሌላው ጫፍ ክፍት ነው።

ሞተሩን አስነሣሁ። በሚኒሞ፣ ነዳጁን ሳልነካ፣ ቢጫው ውሃ በክፍቱ በኩል ቀስ እያለ ከፍ አለ። ይህ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ግን ማወቅ ፈለግሁና ነዳጁን ረገጥኩት።

ውሃው ከቱቦው ተፈናጥሮ ወጣ። አስቴር ያሰጣቻቸው ነጭ አንሶላዎች ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ግፊት ነው።»

«አንሶላዬ ላይ?»

«አዎ፣ አንሶላሽ ላይ። አየሽ ምን ያህል እንደሆነ?»

እርድ እንደማይለቅ ነገረችኝ። ማወቅ ነበረብኝ፣ ልክ ናት። ግን ያን ጊዜ ፊቴ ላይ የነበረው ደስታ የባሰ አናደዳት። ምን ላድርግ። ከሰኞ ጀምሮ ስናገረው የነበረው ነገር አንሶላ ላይ በቢጫ ተጽፎ አየሁት።

ከዚያ ወፍራሙን ጎማ ነቀልኩት። ባፌ ነፋሁበት፤ አያሳልፍም። በጣቶቼ እየጨመቅሁ ርዝመቱን ሄድኩበት። መታጠፊያው ጋ ጠንካራ ነገር። በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁት።

ቡሎን ነው። የአውራ ጣቴን ያህል የወፈረ፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ወጥሮ እንዲይዝ ተለክቶ የገባ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ይህ ዝገት አይደለም፣ ዕድሜም አይደለም። የሰው እጅ ነው። ሰው አስቦበት ነው የደፈነው። መውጫው ሲደፈን ጋዙ ዘይቱን በየማሸጊያው፣ በየሲሉና በየጓርኒሲዮኑ፣ እየገፋ ያስወጣዋል፣ ማርሚታ ላይ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ቀሪውን ዘይት ወደ ላይ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋዋል፣ የሚጨሰው እሱ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሲላላ ደግሞ የታመቀው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣና ክዳኑን ያስጨፍረዋል። ከዚያ ሞተሩ ይተነፍሳል ይባላል። መተንፈስ የቻለባት ብቸኛ ሰዓት ያቺ ነበረች።

ከእኔ ሌላ ከዚህች መኪና ኮፈን ሥር እጁን የሚያስገባ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ወደ ቢሮ ሳልሄድ ወሰን ገባሁ። ግርማ ፉል እየበላ ነበር። ቡሎኑን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቡሎን ነው።»

«የት ነበር?»

አነሣው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ። «አይ፣ ይኼማ የኔ ነው። ለቦሎ ጊዜ የደፈንኩልህ ነዋ። አልነገርኩህም እንዴ?»

«አልነገርከኝም።»

«ይተነፍስ ነበራ። የአየር ፊልትሮው ዘይት በዘይት ሆኖ ሳየው ምርመራ ላይ ይጥሉሃል ብዬ ደፈንኩት። መተንፈሱ ቆመ፣ አለፍክ። ምን አጠፋሁ?»

መናደዴን እዚህ አልገልጸውም፣ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተውታል። «አንተ ሲያስነጥስህ አፍንጫህን በቡሎን ትደፍናለህ?» አልኩት።

«እኔን ተወኝ። ያንተ አፍ ቢደፈን ግን ወሰን በሙሉ ያርፍ ነበር» አለኝ። መካኒኮቹ ሳቁ። አንዱ ከመኪና ሥር ሆኖ ሲስቅ እግሩ ብቻ ይታየኝ ነበር።

አቧራ የለበሰ ኮፈን ላይ በጣቴ ሥዕል ሥዬ አስረዳሁት። ፒስተን፣ ቀለበት፣ ሆድ፣ መውጫ። እያኘከ አዳመጠኝ። «እሺ» አለ፣ «ታዲያ ያኔ ፊልትሮው ለምን ዘይት ሆነ?»

«ሽፋኑ ውስጥ መውጫው ላይ የሽቦ ወንፊት ነበረ። የዘይቱን ጠብታ የሚይዘው እሱ ነው። የት አለ?»

«ያ ጥቁር የበሰበሰው? ጣልኩት።»

ስለዚህ ታሪኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወንፊቱን ጣለው። ወንፊቱ ሲጠፋ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ወደ ፊልትሮው መጣ። ዘይቱ ሲመጣ መውጫውን ደፈነው። መውጫው ሲደፈን ሞተሩ በየስፌቱ ፈነዳ። ከዚያ ያንኑ አይቶ ሪንግ በልቷል አለኝ። ሁሉንም ያደረገው በቅን ልብ፣ እኔን ሊጠቅመኝ ብሎ። በዚህ ላይ ምን ይባላል? ተሳስቻለሁ አላለም። «እሺ እሺ፣ ገባኝ» አለ። ከግርማ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎማውን በቤንዚን አጥቤ፣ ከፍቼ፣ መለስኩት። ሞተሩን አስነሥቼ የዘይት መሙያውን ክዳን እንደ ግርማ አላልቼ ተውኩት። አልተነቃነቀም። እንደተኛ ድመት ቁጭ አለ። ክዳኑ ላይ ሳንቲም አስቀመጥኩበት፣ ሳንቲሙም ቁጭ አለ። ብቻዬን ግቢው ውስጥ ሳቅኩ።

ከዚያ ኮተቤ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። ከሥሯ የሚንጠባጠብ የለም። ግን ነዳጅ ስሰጣት አሁንም ሰማያዊ ጭስ አለ። ትንሽ ነው። እሁድ ዳገቱ ላይ ግን ትንሽ አይሆንም። ወንፊት የለማ፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ሄዶ በካርቡራቶሩ ይገባና ይጨሳል።

ስለዚህ በመሐል አንድ ዕቃ ያስፈልገኛል። ጋዙ ገብቶበት የሚዘገይበት፣ የሚቀዘቅዝበት፣ ዘይቱን ጥሎ ባዶውን የሚወጣበት። የብረት መሆን አለበት። ፔርሙዝ አይሆንም፣ ሙቀት ይይዛል፤ እኔ የምፈልገው ሙቀቱን የሚጥል ነው። ክዳኑ እየተጠመዘዘ በጥርስ የሚዘጋ፣ ሲሞላ ተፈትቶ የሚደፋ።

ወጥ ቤት ውስጥ ፈለግሁ። አንድ ብቻ አገኘሁ። አስቴር ጠበል የምታመጣበት የብረት ኮዳ።

«የጠበል ኮዳዬን? ለመኪና ዘይት? ሰለሞን፣ አንተ ደህና ነህ?»

ለማስረዳት ጀምሬ ነበር። ነገ ሚካኤል ነው፣ ኮዳው ይፈለጋል። ወሬው ተዘጋ።

ዐርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ መፍቻ እንዳልነካ ተነግሮኛል። ከቢሮ ፈቃድ የወሰድኩት ለመኪናዋ ነበር። በዓል መሆኑን እያወቅሁ ነው የወሰድኩት፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ከተማው በሙሉ ይጨሳል። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ተከምሮ፣ ተለኩሶ፣ ያን የጥንቱን የኅዳር በሽታ ማባረሪያ። ጋሽ ለማ በራቸው ላይ ክምሩን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ «ዛሬ ነው ቀንህ፣ ሰለሞን። አውጣት፣ ማንም አያውቅብህም» አሉኝ። ዛሬ ሳቅኩ። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጁት የነበረ ቀልድ ነው።

ሚካኤል ሄድኩ። ሕዝቡ ብዙ ስለነበር ውጭ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው እስከ መንገዱ ደረሰ። ስመለስ እትዬ ደወለች።

«ግርማን ሰኞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ» አለችኝ።

«እሁድ ገና ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ካልሆነ ብዬ ነው።»

«ይሆናል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ለክቼዋለሁ፣ መውጫው ተደፍኖ ነው።»

ቀስ ብላ፣ «መኪናዋን የምጠላት ይመስልሃል አይደል?» አለች። «አባባ መጀመሪያ መንዳት ያስተማረው እኔን ነው። አንተ ኋላ ወንበር ላይ ተኝተህ ምራቅህ ይዝረከረክ ነበር። ሴት ልጅ መኪና ያስነዳል እያለ ሰፈሩ ሲያማው፣ እሱ መስኮቱን ከፍቶ በደንብ እንዲያዩኝ ያደርግ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ ነው የተማርኩት። ባለፈው እሁድ በዚያው ዳገት ላይ ሲገፏት ያፈርኩት ለራሴ አይምሰልህ። ለሷ ነው ያፈርኩት።»

ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔም ስለ ሞተሩ ነው እንጂ ስለ መኪናዋ አልጠየቅኋትም።

አስቴር ከሰዓት በኋላ ጠበሏን ይዛ ገባች። ወደ ጠርሙስ ገለበጠችው። ኮዳውን ገልብጣ አደረቀችው፣ ጠረጴዛው ላይ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ለእትዬ ስል ነው፣ ላንተ አይደለም። ትመልሳለህ።»

እመልሳለሁ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት ጀመርኩ። ክዳኑን ሁለት ቦታ በሳሁት፣ ሁለት አጫጭር የነሐስ ቧንቧ አስገባሁበት። መግቢያው ወደ ውስጥ ጠለቅ ይላል፣ መውጫው ከክዳኑ ሥር ይቀራል። በመሐላቸው የማይዝግ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቄ፣ ሽቦው ተመዞ ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ በተበሳሳ ቆርቆሮ አሰርኩት። ሽፋኑ ውስጥም በተጣለው ፋንታ አዲስ የሽቦ ወንፊት ቆርጬ መለስኩ። ኮዳውን ራዲያተሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ማሰር ቀረኝ።

እዚህ ላይ ግርማ በሩን አንኳኳ። የጠራው የለም፤ ስለ ኮዳው ብቻ ትናንት ማታ ደውዬ ነግሬው ነበር። እጁ ላይ ኮዳውን ልክ የሚይዝ ማቀፊያ ይዟል። «ሐሙስ ከሄድክ ጀምሮ አላስተኛኝም። ስታስረዳ ትጮሃለህ እንጂ ነገሩ ይገባል» አለኝ። ይህ እንደ ይቅርታ ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም። ቆጠርኩት። ማቀፊያውን ሠርቶ ያመጣው ሳይለካ ነው፤ ልክ ገባ፣ ይህም አናደደኝ።

መለኪያዬን ገጠምኩ። አስቴር ሳይነገራት ልብሷን ከገመዱ ላይ ሰበሰበች።

አስነሣሁ። በሚኒሞ ቢጫው ውሃ ባለበት ቆመ። ከዚያ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ሞተሩ በኩል አዘነበለ። ወደ ውጭ አልገፋም፤ እየተሳበ ነው። ነዳጁን ረገጥኩ። አዘነበለና ቆየ። የበለጠ ረገጥኩ። ቆየ። ግርማ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ያይ ነበር። «እየሳበው ነው» አለ። «እየሳበው ነው» አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች የውሃ ቱቦ ስር ተንበርክከን።

ከዚያ ችግር መጣ። ሚኒሞው ተዛባ፣ ልትጠፋ ትላለች፣ ትነሣለች። ተሳደብኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ካርቡራቶሮቹ የተስተካከሉት መውጫው ተደፍኖ ሳለ ነው፣ አሁን የሚገባላቸው ሌላ ነው። ሁለቱንም እንደገና አስተካከልኩ። ይህን ለግርማ አልሰጠሁትም። ቆሞ አየኝ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሊናገር ፈልጎ ተወው።

ከሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ሞከርናት። መጀመሪያ ጭስ ነበረ። እየሄድን ስንመጣ እየሳሳ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት እየተቃጠለ ነበር ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ። እርግጠኛ የምሆነው ነገ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ደረስን። ማንም አልገፋንም።

በቅደም ተከተል ልጻፍ። አስቴር ፊት ተቀመጠች። ግርማ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጠዋት በራችን ላይ ተገኘ፤ «ከቆመች የሚገፋ ያስፈልጋል» ብሎ ኋላ ገባ። ጋሽ ለማ አጥራቸው ላይ ቆመው ዛሬ ቀልድ አላመጡም። እጃቸውን ብቻ አነሡ።

ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ረገጥኩት። አስቴር፣ «መንገዱን እይ» አለችኝ። «እያየሁ ነው።» «ኋላህን ነው የምታየው።» ግርማ ወንበሩ ላይ ዞሮ በጉልበቱ ቆሞ በኋላ መስታወት ያያል። «ምንም የለም» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ «ምንም የለም።» ከዚያ፣ «አቧራ ነው፣ አትደንግጥ።» ባለፈው እሁድ የቆመችበት መታጠፊያ ደረስን። ማናችንም አልተነፈስንም። አለፍነው። የባሕር ዛፉ ሽታ ገባን፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ የለበትም። ከዚያ በላይ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቀደምን። ሰውዬው ለሽርሽር ወጥቶ ቀስ እያለ ሊሆን ይችላል። ቀድመነዋል።

እደጃፏ ቆሜ ጥሩንባ ነፋሁ። ሞተሩን አላጠፋሁትም። እትዬ ወጣች። እኛን ሰላም አላለችንም፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከደረቷ ነጭ መሐረብ አወጣች፣ ማርሚታው ጫፍ ላይ ያዘችው። «ርገጠው» አለች። ረገጥኩት። «ጨምር።» ጨመርኩ። መሐረቡን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። የጥላሸት ክብ አለበት። የዘይት ጠብታ የለበትም። አጣጥፋ መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ክፈተው» አለች። ኮፈኑን ከፈትኩት። «ይህ ብርማው ምንድን ነው?»

ጋዙ ዘግይቶ ቀዝቅዞ ዘይቱን የሚጥልበት ዕቃ ነው ብዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ግርማ ቀደመኝ። «የአስቴር የጠበል ኮዳ ነው» አለ።

እትዬ አማተበች። «አሃ» አለች።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ከእጄ ወጣ። ማዕድ ላይ የተወራው የሚካኤል ጠበል ስላዳነው ሞተር ነው። ስለ ቡሎኑ ነገርኳቸው። ስለ ወንፊቱ፣ ስለ ቢጫው ውሃ፣ ስለ አንሶላው ነገርኳቸው። ሕይወት ከልቧ እያዘነችልኝ፣ «እሱም ረድቷል፣ ጋሼ» አለችኝ። እሱም ረድቷል። ግርማ ሥጋውን እየበላ ቀና አላለም፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አስቴር ግን ያኔ፣ ሁሉም እየሳቁ ሳለ፣ «ኮዳውን የሰጠሁት ባዶውን ነው፤ የሠራው እሱ ነው» አለች። ጎላ ብላ ነው ያለችው።

ከበላን በኋላ እትዬ እጇን ዘረጋችልኝ። «ቁልፉን።»

ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሕይወትን አጠገቧ አስቀምጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ ድምፁን አዳመጥኩ። በዛፎቹ መሐል ወርዶ ጠፋ። ከዚያ ከታች እንደገና ተሰማ፣ እየወጣ፣ ሁለቱም ካርቡራቶር በደንብ ተከፍተው። እየረገጠችው ነው። እኔ ከረገጥኩት በላይ። ጎረቤቶቿ በር በራቸው ላይ ወጥተዋል፣ እንዳለፈው እሁድ። ግርማ አጠገቤ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና አፉን ከፈተ። ያን የሰኞውን ቃል ሊለው ነበር። አየሁት። ተወው።

ተመልሳ ሞተሩን አጠፋችና መሪው ላይ እጇን አሳረፈች። «ሞተሩ አይወጣም» አለች። እኔ ገና ደስታዬን ሳልጀምር፣ «እሷም አትወጣም። እስከ ሠርጉ እዚህ ትቁም» አለች።

«እትዬ፣ ኮዳው በየሳምንቱ መደፋት አለበት።»

«ታዲያ በየእሁዱ መጥተህ ድፋ። ምሳ አለ።»

«ነገ ጾም ይገባል።»

«ሽሮ አለ።»

ስለዚህ አሸንፌ በታክሲ ተመለስኩ። ግርማ ስድስት ኪሎ ላይ ወረደ። አስቴር መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ «ኮዳዬስ?» አለችኝ። እንጦጦ ነው አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ አልተቆጣችም።

አንድ ነገር አሳስቦኛል። እትዬ ማርሹን የምትቀይረው ዘግይታ ነው፣ ሞተሩን ታስጮኸዋለች፤ ኮዳው ካሰብኩት ቶሎ ሊሞላ ይችላል። እሁድ አየዋለሁ።

የቀበና ዳገት ላይ ታክሲው ማቃሰትና መጨስ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀች። ረዳቱ በበሩ ወደ ኋላ ተመለከተና፣ «ሞተሩ ይተነፍሳል፣ እናት» አላት።

ወደ ፊት ዘንበል አልኩ። አስቴር እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። እስከ መገናኛ ድረስ ዝም አልኩ።